የአስኳል ቀለም

አርጎን ካለቀ ሦስተኛ ሳምንቱ፤
ትልቁ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል፣ እንደ ሰነፍ እንግዳ፣ ከነኩራቱ።
አዲስ አበባ ስደውል «ሲሊንደሩ መኪና እየጠበቀ ነው» ይሉኛል፤
እስኪመጣ፣ ኩስ በላስቲክ ታሽጎ፣ ፊቴ ተደርድሮ ያየኛል።
ሰባት ላስቲክ። በማርከር ጽፌበታለሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥር፦
«ከጥቁር ውሃ ወዲህ፣ ከዳንጊሴ ግቢ፣ ከዶሮዎቹ እግር ሥር።»

ያን ዕለት፣ ሐዋሳ ገና ስትነቃ፣ አባ ኮዳዎቹ የአሣ ገበያውን ትተው
አጥሯ ላይ ቆመው ነበር፣ አንገታቸውን እንደ ዳኛ ደፍተው።
በሩን ስትከፍተው አሞኒያው ዓይኔን በጥፊ መታኝ፤
«ይለመዳል» አለችና፣ የራሷን ሻሽ ፈትታ ሰጠችኝ።

ስምንት መቶ ዶሮ። ነጭ። ደረታቸው ከእግራቸው የቀደመ፣
በአርባ ቀን ለቢላ የደረሰ፣ ሁለት እርምጃ የደከመ።
ምን ትመግቢያቸዋለሽ? አልኳት። በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣
ደግሞ ከዚያች ዱቄት በጣሳ፤
የከረጢቷ ስም በምላጭ ተፍቆ፣ ተነቅሎ።
«ሰውዬው ማወፈሪያ ነው አለኝ። ቶሎ ይከብዳሉ፣ አይታመሙም፣
ቆዳቸው ሮዝ ይላል። ደግሞም እውነቱን ነው፤ አልዋሸኝም።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላል ሰው፤
እዚህ መጫኛ አላየሁም። ጣሳ ነው።

ኩሱን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በአሲድ አፍልቼ፣
ዚንኩን ጣል ሳደርግበት፣ ትንፋሼን ይዤ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣
ጠርሙሱ ያፏጫል። የማይታይ ጋዝ ከሥሩ ይነሳል፣
አፉ ላይ የተከደነችውን ወረቀት በምላሱ ይልሳል።
ምንም ከሌለ ነጭ እንደሄደች ነጭ ትመለሳለች፤
ካለ ግን
መጀመሪያ እንደ ጥርጣሬ፣ ኋላ እንደ አስኳል ትወይባለች።
ሌላ ቀለም አጥቶ ነው?

ወረቀት ግን ስንት እንደሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አይነግረኝም።
አርሰኒክ ስሙ አንድ ነው፤ ልብሱ አንድ አይደለም።
ከከረጢቱ ሲወጣ ካርቦን ደርቦ፣ እንደ ጨዋ ሰው ተከናንቦ፣
በዶሮዋ አንጀት ያልፋል፣ እንደ ሌሊት መንገደኛ ትንፋሹን ሰብስቦ።
የሚያወልቀው ኩስ ውስጥ ነው። እርጥበት፣ ሙቀት፣ ዓይን የማይደርስባቸው ፍጥረታት
ቁልፉን አንድ በአንድ ይፈቱለታል፤
ራቁቱን የወጣ ለት
ነው የሚፈራው።
ይህን የሚለየው ያ የተኛው ማሽን ነው፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ
ከቀጭኑ ቱቦ እንደወጣ፣ በደቂቃ ለይቶ፣ ተራራ ተራራ ስሎ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቼ አድጌአለሁ፤
ኩስም እንደሚሄድ ዘንድሮ አየሁ፦
በአህያ ጋሪ ወደ ጎመን መደብ፣ ከመደቡ በዝናብ ወደ ቦይ፣
ከቦዩ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ሥር፤ ከዚያ ወዲያ እንጃ። እኔ ነቢይ
አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ያልለካሁትን አልናገርም።
የለካሁትን ግን ሁለት ቀን ይዤ ቆየሁ። ለምን? አላውቅም።

አውቃለሁ። ስትሸኘኝ አምስት እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልላ አስይዛኛለች፣
ከሀበሻ ዶሮዎቿ። እነሱም እዚያው ግቢ ይጭራሉ።
አልበላኋቸውም። አልጣልኳቸውም።

ቅዳሜ ሄድኩ። ወረቀቶቹን ደብተሬ ውስጥ አስገብቼ፣
ነጩን፣ ቢጫውን፣ ቡናማውን፣ ደጃፏ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ
አሳየኋት። «የኔ የቱ ነው?» አለች። በጣቴ ነካሁት።
ይሄ የመጨረሻው አይደለም፣ ማሽኑ ሲነሳ ነው የሚታወቅ፣ ስላት
አልሰማችኝም። ገብታ የልጇን የሒሳብ ደብተር ይዛ ወጣች፤
ከጀርባው፣ ኩስ የገዟት ሰዎች ስም። ታነብ ጀመር፣
ጣቷን ከመስመር መስመር እየጎተተች፦
«ሌዳሞ፣ አራት ከረጢት፤ ለቃሪያ። የዋሪቴ ባል፣ ሁለት።
ቱንሲሳ፣ ስድስት፤ ለጎመን፣ ግማሹ በዱቤ።
የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ አንድ...»

እዚህ ጋ ጣቷ ቆመች።
«ለልጆቹ አትክልት መደብ ነው ሲለኝ» አለች፣
«ብሩን አልተቀበልኩትም።»